ስድስተኛ ምርጫ

እሁድ ነው ሰኟችን፣ እዚህ ሶሃር ላይ፤
ገና በሁለት ሰዓት ይነዳል ሰማይ።
በሬ ላይ ስሜ አለ በዐረብኛ ተጽፎ፤
«ጨ» የለው ፊደሉ፣ «ሸ» ገባ ተጣጥፎ፤
ጫንያለው ቀረና «ሻንያሎ» ሆንኩኝ፤
ከስሜ ያወረዱትን ጫና
አምስት ክፍል አድርገው መልሰው ጫኑብኝ።

የምዝገባ ሳምንት፤ ኮሪደሩ ሞልቷል፤
የካራክ ሻይ ሽታ ከዑድ ተቀላቅሏል።
ቅጹ መስመር አለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
ከግርጌው «አማካሪ» ይላል፤ አማካሪው እኔ ነኛ።

ኸልፋን ቀድሞ ገባ፣ ኩማውን አስተካክሎ፤
«ዶክተር፣ የቱ ትምህርት ነው የሚቀለው?» ብሎ።
«ከምን የሚቀለው?»
«በጠዋት ከመነሣት።»
«እንግዲያስ ጂኦሎጂን ተወው፤ መስክ የምንወጣው
ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ፀሐይ ሳትበረታበት።»

አንዱ ጓደኛው የሞላውን ሊሞላ መጣ፤
አንዷ ስልኳን ከጆሮዬ ለጠፈች፤
እናቷ ነበሩ፣ በቁጣ።
«ሐኪም ትሁን ነው ያልነው!»
ኮሌጃችን ሕክምና እንደሌለው ለማስረዳት
ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሙዝና ግን ዝም አለች።
ቦርሳዋን ከፍታ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤
ከወረቀቶቼ መካከል አስቀመጠችው።
«ቅመሰው» አለችኝ።
ከአያቷ ጕድጓድ ነው፣ ከባጢና ዳር፤
ሎሚውን፣ ተምሩን ያጠጣ ነበር።
በጣቴ ነክቼ ምላሴ ላይ አኖርሁት፤
ጨው።
«ባሕሩ ከሥር እየገባ ነው» አለች፣
ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ላስተማርሁት ለእኔ፣
የጎረቤት ሌባ እንደምታጋልጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቷ ፔትሮሊየም ይላሉ።
ደመወዙን አባቷ ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።
አምና በከርሰ ምድር ውሃ ስድስት ልጆች አስመረቅን፤
አራቱ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ።
ይህን ልንገራት? ነገርኋት።
አማካሪ ማለት እንዲህ ነው፦
በአንድ እጁ በር ይከፍታል፣
በሌላው ከበሩ ወዲያ ያለውን ገደል ያሳያል፤
ደመወዙ ግን ያው ነው።

«አንተስ እንዴት መረጥህ?»
(በእሷ ዐረብኛ «አንቱ» የለም፤ እኔም ለምጄዋለሁ።)

ምን ልበላት?
የእኛ ዘመን ቅጽ ስድስት መስመር ነበረው።
አንደኛ፣ ሕግ። ሁለተኛውንም ሕግ ማለት ቢፈቀድ እል ነበር።
ስድስተኛው ባዶ እንዳይቀር ብቻ፣
ብዕሬ ሊነጥፍ ሲል፣ ከፊቴ ከተቀመጠው ልጅ ገልብጬ
«ጂኦሎጂ» ጻፍሁ፤ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳላውቅ።
ምደባው ተለጠፈ፤ ዝናብ የመታው ወረቀት፤
ከስሜ ትይዩ ያ ቃል፣ ቀለሙ እንኳ አልፈሰሰም።
ሦስት ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሽማግሌ ያመጣው ጋብቻ ነበር በይው፤
መልኩን ያየሁት ከሠርጉ በኋላ።
አንድ ቀን አፋር ውስጥ፣ ከመቆፈሪያው አፍ
የወጣ ዘንግ ድንጋይ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤
እርጥብ ነበር፣ ይቀዘቅዝ ነበር፣
ለስንት ሺህ ዓመት ማንም ያልነካው።
ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየሁም ብል
ባለቤቴ ይቅር ትለኛለች፤ ታውቀዋለች።

ሙዝና አልሳቀችም። እርሳስ አወጣች።
በእርሳስ «ፔትሮሊየም» ጻፈች፣ አንደኛው መስመር ላይ፤
ሁለተኛው ላይ «ውሃ»፣ ከፊተኛው ይልቅ አድምቃ።
ሦስተኛውን ተወችው።
ቅጹ በቀለም ይሞላ ይላል።
አላነበብሁትም አልሁ ለራሴ፤
እኔ ግን በቀለም ፈረምሁ።

ጠርሙሱን ረስታው ሄደች፤ ወይም አልረሳችውም።
ወደ ማታ ሳነሣው ሥሩ ያረፈበት
ነጭ ክብ ቀርቷል፣
ውሌን ለሁለት ዓመት በሚያድሰው ደብዳቤ ላይ።
በአውራ ጣቴ ብፍቀው አልለቅም አለ።

በሩ ተንኳኳ።
ኸልፋን ነው፤ ኩማው ዘሟል፣ ሲሮጥ የመጣ ይመስላል።
«ዶክተር» አለ፣ «ጎሕ ማለት
ስንት ሰዓት ነው?»